ዳይክሎፌናክና የታክሮሊመስ ምርመራ፦ የኔ ጣጣ

ወንድሜ፣ «አባቴ ኩላሊት ከተቀየረለት ሁለት ዓመቱ ነው። ጉልበቱን ሲያመው ከፋርማሲ አይቡፕሮፌን ገዝቶ ሦስት ቀን ወሰደ። ነገ አዲስ አበባ የታክሮሊመስ ምርመራ አለው፤ ውጤቱን ያበላሽበታል ወይ?» ላልከው ነው። (ታክሮሊመስ ሰውነታችን የተተከለውን ኩላሊት እንዳይቃወም የምንውጠው መድኃኒት ነው፤ ምርመራው ደም ውስጥ ያለውን መጠን ይለካል።) እኔም አዳማ ነኝ። ከተቀየረልኝ ስድስት ዓመቴ ነው። በዚህ ጉዳይ እጄን የተቃጠልኩ ሰው ነኝና ስማኝ።

1. አይቡፕሮፌኑን ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ። ዳይክሎፌናክም ያው ነው፣ ክኒንም ሆነ መርፌ። ለኔ የተፈቀደልኝ ፓራሲታሞል ነው፣ እሱም በልኩ። አንዳንድ የጉንፋን ክኒን ውስጥም አይቡፕሮፌን አለ፤ ማሸጊያውን አንብቡ።

2. የማታውን ታክሮሊመስ 2 ሰዓት ከዋጡ፣ ደሙ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ይቀዳ፣ የጠዋቱን ሳይውጡ። ክኒኑን በኪስ ይያዙት። አንዴ የላብራቶሪ ልጅ «መጨረሻ የወሰድከው ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ። «ማታ ሁለት» አልኩት። «2» ብቻ ጻፈ። ጠዋት ይሁን ማታ፣ የሐበሻ ይሁን የፈረንጅ ማን ይለየዋል? «ማታ የምትለዋን ጨምርበት» ብለው «ሥራዬን አታስተምረኝ» ብሎ ጮኸብኝ፣ ያውም ሰው ፊት። ከዚያ ወዲህ ሰዓቱን ራሴ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ።

3. ሐኪሙ «ሌላ የምትወስደው ነገር አለ?» ሲል... እኔን ጉድ የሠራኝ ይሄ ነው።

አምና ሲሚንቶ አነሳለሁ ብዬ ወገቤን ያዘኝ። አንድ ክሊኒክ ዳይክሎፌናክ ሰጠኝ። ኩላሊቴ የተተከለ መሆኑን አልነገርኳቸውም፤ እነሱም አልጠየቁኝም። ስምንት ቀን ዋጥኩ። ወገቤ ለቀቀኝ፣ ደስ ብሎኝ ለክትትል ሄድኩ። ሁሌ 1.2 የነበረው ክሬቲኒን (ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጨምር ቆሻሻ) 1.9 ገባ። የታክሮሊመሱ መጠን ግን እንደወትሮው ነው። ዶክተሯ ግራ ገባት። «ሌላ የወሰድከው ነገር አለ?» «የለም።» ልዋሻት ፈልጌ አይደለም። ለኔ መድኃኒት ማለት የኩላሊቱ ነው። ማስታገሻ እንደ ከረሜላ ነበር የማየው።

ሰውነቴ ኩላሊቱን አልቀበልም ያለ መስሏት አስተኛችኝ። ባዮፕሲ፣ ማለትም ከኩላሊቱ ትንሽ ቁራጭ በመርፌ፣ ተወሰደ። የተተከለው ኩላሊት ከሆድ በታች ስለሆነ መርፌው ሲገባ ታየዋለህ። ከዚያ ሳትነቃነቅ በጀርባህ ተኛ ትባላለህ። አንድ ቀን ሙሉ ሽንቴ ደም ቀላቀለ። የወጣውን ገንዘብ እንኳ ተወው።

ውጤቱ መጣ፤ ሰውነቴ አልተቃወመውም። ታዲያ ምን ነካው? የደረሰችበት ኩላሊቷን የሰጠችኝ ታናሽ እህቴ ናት። ጃኬቴን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ባዶ የዳይክሎ ማሸጊያ አገኘች። አልጋዬ ድረስ ይዛው መጥታ «ኩላሊቴን ለዳይክሎ ነው እንዴ የሰጠሁህ?» አለችኝ። ምን ልበላት?

ዶክተሯ ያስረዳችኝ እንዲህ ነው። ታክሮሊመስ ራሱ ወደ ኩላሊት ደም የሚያስገባውን ደም ሥር ያጠብባል። ኩላሊት ደግሞ ፕሮስታግላንዲን በሚባል ነገር መልሶ ይከፍተዋል። ዳይክሎና አይቡፕሮፌን ያንን ነገር ያስቆሙታል። ሁለቱ ሲገናኙ ኩላሊቱ ደም ያጥረዋል፣ ክሬቲኒን ይወጣል። የላብራቶሪው ማሽን ልክ ነበር፤ ሐኪሟን ያሳሳትኳት እኔ ነኝ። ዳይክሎውን ካቆምኩ በሦስተኛው ሳምንት 1.3 ተመለስኩ። እድለኛ ነኝ።

ስለዚህ የአይቡፕሮፌኑን ማሸጊያ እንዳትጥሉት። ስንት ፍሬ፣ ስንት ቀን እንደወሰዱ ጽፋችሁ ለሐኪሙ ስጡ። ከተቆጣ ይቆጣ። ምርመራውን ግን እንዳትቀሩ። ከአዳማ በጊዜ ውጡ፤ የፍጥነት መንገዱ ባዶ ቢሆንም አዲስ አበባ መግቢያ ላይ ትቆማላችሁ። ወረፋው ከዘገየ ደግሞ አባትህ «ሰዓቴ አለፈ» ብለው ክኒኑን አስቀድመው እንዳይውጡ አጠገባቸው ቁጭ በል።