«መርማሪው የት ገባ?» እና ሌሎች የዩ ዩ ሃኩሾ ጥያቄዎች

ሰሞኑን ስለ ዩ ዩ ሃኩሾ የሚጠይቁን አንባቢዎች በዝተዋል፤ አብዛኞቹም አቤቱታ ይዘው ነው የመጡት። ተከታታዩን ላላያችሁት፦ ከዮሺሂሮ ቶጋሺ ማንጋ (የጃፓን ሥዕላዊ ታሪክ) የተሠራ ነው፤ ስቱዲዮ ፒዬሮ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በ112 ክፍል አኒሜ (የጃፓን ካርቱን) አድርጎታል። ዩሱኬ የሚባል የ14 ዓመት ተደባዳቢ ተማሪ ሕፃን ከመኪና አድናለሁ ብሎ ይሞታል፣ ነፍስ ሲዘራ ደግሞ የመናፍስት ዓለም መርማሪ ሆኖ ይቀጠራል።

ጥያቄ፦ «ወንድሜ የመርማሪ ታሪክ ነው ብሎ አስጀመረኝ። 40ኛው ክፍል ደርሻለሁ፣ ድብድብ ብቻ ነው። ምርመራው ይመለሳል ወይስ ልተወው?»

መልስ፦ ይመለሳል፤ 67ኛው ክፍል ላይ። ታሪኩ አራት ምዕራፍ አለው። ከ1 እስከ 25 የመርማሪው፣ ከ26 እስከ 66 የጨለማው ውድድር፣ ከ67 እስከ 94 «ምዕራፍ ጥቁር»፣ ከ95 እስከ 112 የሦስቱ ነገሥታት። ያለኸው ውድድሩ መሐል ነው።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያም ቢሆን ምርመራ አልነበረም። የመናፍስቱ ዓለም አለቃ ኮኤንማ ምን እንደተሰረቀና እነማን እንደሰረቁ ነግሮት ነው ዩሱኬን የሚልከው፤ የልጁ ሥራ ከመርማሪ ይልቅ ለደንብ አስከባሪ ይቀርባል። ጭንቅላት የሚያሠራው ክፍል የሚጀምረው በምዕራፍ ጥቁር ነው፤ ያውም ገና ከመነሻው። ዩሱኬ በማያውቃቸው ተማሪዎች ይታፈናል፤ ጓደኞቹ ሊያስለቅቁት ወደ አንድ ቤት ይሄዳሉ። እዚያ ካይቶ የሚባል መነጽራም ተማሪ ይጠብቃቸዋል። በእሱ ክልል ውስጥ ጡጫም ሰይፍም አይሠራም፤ ሕጉ አንድ ነው፣ «ሞቀኝ» ያለ ሰው ነፍሱን ይነጠቃል። ክፍሉን ደግሞ ሆን ብሎ አሙቆታል። በፍጥነቱ የሚፈራው ሂዬ ቃሏን ተናግሮ እዚያው ይደርቃል። በመጨረሻ የሚተርፈው ኩራማ ሕጉን በሕግ ይገጥመዋል፦ በየደቂቃው አንድ የጃፓንኛ ፊደል ይከለከል ይላል። ደቂቃ ባለፈ ቁጥር የሚነገር ቃል እያለቀ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ድምፅ ከአፍ ማምለጡ ብቻ በቂ ነው። እንዴት እንደሚያስመልጠው አልነግርህም። (በእኛ ፊደል ቢጫወቱት 231 ደቂቃ፣ አራት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነበር የሚፈጅባቸው።)

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዳይ የእውነት ጉዳይ ነው። ሙሺዮሪ በሚባል ከተማ ነዋሪዎች ድንገት እንግዳ ችሎታ ያበቅላሉ፤ ሰባት ሰዎች ወደ አጋንንት ዓለም ቀዳዳ እየከፈቱ ነው፤ ማን ምን ማድረግ እንደሚችል ከማረኩት ልጅ ቃልና ከጥቃቶቹ ዓይነት አንድ በአንድ ማውጣት አለባቸው። መሪያቸው ሴንሱይ ከዩሱኬ በፊት በዚሁ ሥራ ላይ የነበረ መርማሪ ነው። በእኔ ግምት የተከታታዩ ምርጥ 28 ክፍሎች እነዚህ ናቸው።

ስለዚህ አትተወው፣ ዘለህም 67 ላይ አትግባ። በውድድሩ የተሸነፈ አንድ ጠላት ኋላ ይመለሳል፤ አሮጊቷ መምህርት ገንካይ ለዩሱኬ የምታወርሰውም ነገር እዚያው ነው የሚከናወነው። የመክፈቻና የመዝጊያ ዘፈኑን፣ ያለፈውን ክለሳና የሚቀጥለውን ቅምሻ ብትዘል ለአንድ ክፍል 20 ደቂቃ ገደማ ይቀራል፤ የቀሩህ 26 ክፍሎች ከ9 ሰዓት በታች ያልቃሉ።

ጥያቄ፦ «የዩሱኬ የመንፈስ ሽጉጥ (ከጣቱ የሚተኩሰው ኃይል) በቀን አንዴ ብቻ ይተኮሳል ተብሎ ኋላ አራቴ ይተኩሳል። ደራሲው ረሳው?»

መልስ፦ አልረሳም። ቁጥሩ የሽጉጡ ሳይሆን የዩሱኬ አቅም ልክ ነው። ሲጀምር ያለው ኃይል ለአንድ ጥይት ብቻ ይበቃል፤ ገንካይ ካሠለጠነችው በኋላ በውድድሩ በቀን አራት ይደርሳል። ጥይቱ ካለቀ በጡጫ መጨረስ አለበት፤ የብዙዎቹ ፍልሚያዎች ውጥረት የሚመጣውም ከዚህ ነው። ስንት እንደተኮሰ እየቆጠራችሁ እዩ፣ የተሻለ ይጥማል።

ጥያቄ፦ «ኩራማ ሴት ነው ወንድ? ከእህቴ ጋር ተወራርደናል።»

መልስ፦ ወንድ ነው። በጃፓንኛው ድምፁን የሰጠችው ሜጉሚ ኦጋታ ሴት ስለሆነች፣ ፀጉሩም ረጅም ስለሆነ ብቻችሁን አልተሳሳታችሁም። በፊሊፒንስ «ጎስት ፋይተር» ተብሎ ሲታይ ተርጓሚዎቹ ራሳቸው መጀመሪያ ሴት አድርገው አስተዋውቀውት ኋላ አርመውታል።

ጥያቄ፦ «የኔትፍሊክሱን በተዋናይ የተሠራውን መጀመሪያ ብናይ ምን ይጎድልብናል?»

መልስ፦ ብዙ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 የወጣው አምስት ክፍል ብቻ ነው፤ የሚሸፍነው ግን አኒሜው እስከ 66ኛው ክፍል የሄደበትን ታሪክ ነው። ይህን ለማድረግ ውድድሩን ራሱን አውጥተው ፍልሚያዎቹን ሳክዮ የተባለው ባለሀብት ደሴት ላይ ሰብስበዋቸዋል። ድብድቡ ጥሩ ነው፣ የዋነኞቹ ጠላቶች፣ የታላቅና ታናሽ ቶጉሮዎች፣ አሠራርም አያሳፍርም። የሚጎዳው ወዳጅነቱ ነው፤ ኩራማና ሂዬ በሌብነት ገብተው አጋር እስኪሆኑ በአኒሜው ጊዜ ይወስዳል፣ እዚህ ግን ገና በደንብ ሳይተዋወቁ አብረው ለመሞት ሲዘጋጁ ታያላችሁ። ደግሞም የታናሹ ቶጉሮና የገንካይ የቀድሞ ግንኙነት አስቀድሞ ይገለጥባችኋል። 66ኛውን ክፍል ከጨረሳችሁ በኋላ እዩት።

ጥያቄ፦ «ኮምፒውተሬ ላይ በቪኤልሲ ቪዲዮ ማጫወቻ ሳየው ሰብታይትሉ ከንግግሩ አይገጥምም፤ ምስሉም ሰዎቹን አወፍሮ ያሳያል።»

መልስ፦ መጀመሪያ ልዩነቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ለዩ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእኩል መጠን ከዘገየ ወይም ከቀደመ ቀላል ነው፦ የእንግሊዝኛዋ «ኤች» ጽሑፉን ታዘገያለች፣ «ጂ» ታስቀድማለች፤ አንድ ጊዜ መጫን 50 ሚሊሰከንድ ነውና ለአንድ ሰከንድ 20 ጊዜ ይጫናል። ቁልፎቹ እንቢ ካሉ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳልቀረ እዩ። መጀመሪያ ገጥሞ እየቆየ እየተራራቀ የሚሄድ ከሆነ ግን በመጫን አይስተካከልም። በሰከንድ 25 ምስል ለሚያሳይ ቅጂ የተሠራ ጽሑፍ 24 ገደማ በሚያሳይ ቪዲዮ ላይ ገብቷል ማለት ነው፤ በ23 ደቂቃ ውስጥ ልዩነቱ አንድ ደቂቃ ሊጠጋ ይችላል። ለዚያ ቅጂ የተሠራ ሰብታይትል ፈልጉ። እስከ መሐል ገጥሞ ድንገት ከዘለለ ማስታወቂያ የነበረበት ቦታ ተቆርጧል።

ውፍረቱ የምስሉ ቅርጽ ጉዳይ ነው። ተከታታዩ የተሠራው ለ4 በ3 ስክሪን ስለሆነ ግራና ቀኝ ጥቁር ቢሆን ትክክል ነው። «ኤ»ን እየተጫናችሁ 4 በ3 ላይ አቁሙት።

ጥያቄ፦ «የ11 ዓመት ልጄ ካላየሁት ብሎ አስቸገረኝ። ልፍቀድለት?»

መልስ፦ እስከ 25ኛው አብረውት ቢያዩ ችግር የለውም፤ ደም አለ፣ ዩሱኬ ከትምህርት ቤት ይፎርፋል፣ እናቱ ጠጪ ናት፣ አጋንንቱም ያስፈራራሉ። 22ኛው አካባቢ የምትታሰረው የዩኪና ታሪክ ላይ ስቃይ ስለሚታይ እዚያ ከአጠገቡ አይጥፉ። ውድድሩ ላይ ሞትና ጉዳት ይበዛል። ምዕራፍ ጥቁርን ግን ለዚህ ዕድሜ አልመክርም። ሰዎች አጋንንትን ለመዝናኛ ሲያሠቃዩ የሚያሳይ ትዕይንት አለ፤ የምዕራፉ ስም የመጣውም የሰው ልጅን ክፋት ብቻ ከሰበሰበ የቪዲዮ ካሴት ነው። 15 ዓመት እስኪሞላው ቢቆይ ይሻላል።

ጥያቄ፦ «መጨረሻው ለምን ተጣደፈ?»

መልስ፦ ደራሲው ስለደከመ። ቶጋሺ ማንጋውን እ.ኤ.አ. በ1994 በ19 ቅጽ ዘጋው፤ በዚያው ዓመት ራሱ ባሳተማት ትንሽ መጽሔት የሥራው ጫና ጤናውን እንደጎዳው ጽፏል። በማንጋው የመጨረሻው ትልቅ ውድድር ተጀምሮ ውጤቱ በወሬ ብቻ ይነገራል። አኒሜው ይህን በከፊል ጠግኖታል፤ ማንጋው የዘለለውን፣ የዩሱኬንና ከሦስቱ ነገሥታት አንዱ የሆነውን የዮሚን ፍልሚያ ሠርቶ ያሳያል። ስለዚህ ለመጨረሻው አኒሜውን ይዛችሁ ቆዩ። መጀመሪያው ላይ ግን ማንጋው ይበልጣል፤ ዩሱኬ ሙት ሆኖ የሚዞርበትን ጊዜ አኒሜው በአምስት ክፍል ሲጨርሰው ማንጋው ትናንሽ የመንፈስ ታሪኮችን እያስገባ ያረዝመዋል። ነፍስ እስኪዘራ ያለውን ከማንጋው አንብቦ አኒሜውን ከ6ኛው ክፍል መቀጠል ይቻላል።