የጂን ሥራ ከአንድ ዝርያ ወደ ሌላው፦ ከዝግመተ ለውጥ ዛፍ ማንበብ (ጥያቄና መልስ)

ከደብረ ብርሃን፦ የአንድ የገብስ ጂን ፕሮቲን በብላስት (ተመሳሳይ ቅደም ተከተል በሚፈልግ ፕሮግራም) ስፈልግ የሚመሳሰለው ከአራቢዶፕሲስ (ለምርምር ከምታገለግለው ትንሽ ተክል) ወጣልኝ። የዚያኛውን ሥራ ለገብሱ ልስጠው?

ይቆዩ። ብላስት የሚለካው መመሳሰልን ነው፤ የትኛው ከየትኛው እንደወረደ አያውቅም። ጂን ሲባዛ አንደኛው ቅጂ የድሮውን ሥራ ይዞ ሲቀጥል ሌላው ወደ አዲስ ሥራ ሊሄድ ወይም ሊጠፋ ይችላል። ትክክለኛው አቻ ከጠፋ ብላስት ባዶ እጁን አይመለስም፤ የሩቁን ዘመድ ዝርዝሩ አናት ላይ ያስቀምጥልዎታል። ማን ከማን እንደወረደ ለማየት የጂኖቹን ዛፍ መሥራት ያስፈልጋል።

ከሸዋ ሮቢት፦ ታዲያ ዛፉን እንዴት ልሥራ?

ዝርያዎቹ የተራራቁ ስለሆኑ ዲኤንኤውን ትተው ፕሮቲኑን ይያዙ። ከእያንዳንዱ ጂን ረጅሙን ፕሮቲን ብቻ ይውሰዱ፤ የአንዱ ጂን ሁለት ሦስት ቅርጾች አብረው ከገቡ ያልነበረ መባዛት መስለው ይታያሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ገብስና አራቢዶፕሲስ ብቻ አይበቁም፤ ስንዴ፣ ሩዝ፣ ማሽላና ቲማቲም ይጨምሩ። ፕሮቲኖቹን በማፍት (ተመሳሳይ ቦታዎችን ትይዩ በሚያደርግ ፕሮግራም) ካሰለፉ በኋላ ሰልፉን በዓይንዎ ይዩት፤ ተቆርጦ የቀረ ፕሮቲን ካለ ያውጡት፣ ቦታውን ስቶ ዛፉን ያዛባል። ከዚያ ዛፉን የሚሠራው ፕሮግራም አይኪው-ትሪ፦ የለውጥ ሞዴሉን ራሱ ይምረጥ፣ አልትራፋስት ቡትስትራፕ (የየመጋጠሚያውን አስተማማኝነት በድግግሞሽ የሚፈትሽ ፈጣን ዘዴ) 1000። ድጋፉ 95 ባልሞላ መጋጠሚያ (ቅርንጫፎች የሚለያዩበት ነጥብ) ላይ ምንም አይገንቡ፤ በተለመደው ቡትስትራፕ 70 ይበቃል የሚባለው እዚህ አይሠራም።

ከመሀል ሜዳ፦ አንድ ምሳሌ ቢያሳዩን?

ለገብስ አገር የሚቀርበው ኤምኤልኦ ነው። ይህ ጂን ሥራውን ሲያቆም ገብሱ ዱቄት መሰል ሻጋታን ይቋቋማል። አራቢዶፕሲስ 15 የዚህ ቤተሰብ ጂኖች አሉት፤ ሻጋታውን የሚመለከቱት 2፣ 6 እና 12 ቁጥሮች ሲሆኑ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ተሰባስበዋል። ሙሉ መቋቋም የሚመጣው ሦስቱም ሲጠፉ ነው። 7 ቁጥር ግን ስሙ ያው ሆኖ ሥራው ከአበባ ዱቄት ቱቦ አቀባበል ጋር ነው። የቲማቲሙ ኤምኤልኦ-1 ከሦስቱ ጋር ስለሚቀመጥ መገመት ይቻላል፤ በእርግጥም እሱ ሲበላሽ ቲማቲሙ ሻጋታውን ይቋቋማል። የገብሱና የስንዴው ደግሞ ሌላ ቅርንጫፍ ላይ ሆነው ያንኑ ይሠራሉ። ስለዚህ በየቅርንጫፉ ቢያንስ አንድ በሙከራ የተረጋገጠ ጂን ያስፈልግዎታል።

ዛፉ የማያሳየውም አለ። ከኢትዮጵያ ነባር ገብሶች የተገኘው ኤምኤልኦ-11 የሚባለው የዚሁ የገብስ ጂን የተለወጠ ዓይነት ፕሮቲኑ አልተነካም፤ ከጂኑ ፊት ተደጋጋሚ ቅጂዎች ገብተው ነው ሥራውን ያስተጓጎሉት። በፕሮቲን ዛፍ ላይ ከጤነኛው አይለይም።

ከአረርቲ፦ የጤፍ ጂኖች ሁለት ሁለት ሆነው ይወጡብኛል። ስህተት ነው?

አይደለም። ጤፍ ሁለት ንዑስ ጂኖም (ከሁለት ቅድመ አያቶች የመጡ ሁለት የጂን ስብስቦች)፣ በድምሩ 40 ክሮሞሶም አለው። ሁለቱም ቅጂዎች ለሩዙ ጂን እኩል አቻ ናቸው፤ አንዱን ብቻ አጥፍተው ለውጥ ቢያጡ አይገረሙ።

ከደብረ ብርሃን፦ በመረጃ ቋት ላይ ከጂኑ ሥራ አጠገብ አይቢኤ (IBA) የሚል ምልክት አለ፤ ልመነው?

ባለሙያ ዛፉን አይቶ ሥራውን ለቅድመ አያቱ ጂን ሰጥቶ ወደ ዘሮቹ ያወረደው ማለት ነው፤ ማንም ሳያየው በማሽን ከሚሰጠው አይኢኤ (IEA) ምልክት ይሻላል። ግን ራሱ ግምት ስለሆነ ለአዲስ ዛፍ ማስረጃ አያድርጉት፤ በሙከራ የተመዘገቡትን ብቻ ለይተው ይነሡ።