ስኳሩ ወደ እግሬ ወርዶ ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ49 ዓመት መምህርት ነኝ፤ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። የስኳር በሽታ እንዳለብኝ ከታወቀ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ እወስዳለሁ። በቅርቡ መለኪያ ገዝቼ ስለካ፣ ከእግር ጉዞ በፊት 186 የነበረው ስኳር አርባ ደቂቃ ተራምጄ ስመለስ 121 ሆነ። ጎረቤቴ ግን «ከደምሽ የጠፋው ወደ እግርሽ ወርዶ ነው፤ ውሎ አድሮ ሥጋውን ያበላሸዋል» አለችኝ። አባቴ በዚሁ በሽታ እግሩ ተቆርጧል። ጉዞና ኪኒን ተደራርበው እንዳይጎዱኝ በምራመድባቸው ቀናት ከሁለቱም መድኃኒት ግማሽ ግማሹን ብቻ እወስዳለሁ። በጾሙ ሰሞን፣ የጉዞ ቀኔ ስላልነበረ ኪኒኑን ሙሉውን ውጬ ቅዳሴ ሄድኩ፤ በእግሬ ስመለስ ተንቀጠቀጥኩ፣ ላብ አሰመጠኝ። ሰዎች ሻይ በስኳር ቢያቀርቡልኝም የስኳር በሽተኛ ነኝ ብዬ ውኃ ብቻ ጠጣሁ። ይህ ከሆነ ሦስት ሳምንት አለፈው። መራመዱን ልተው?

መልስ፦ አይተዉ። የሚያስጨንቅዎ የአባትዎ እግር መሆኑ ስለገባኝ ከእሱ ልጀምር። በስኳር በሽታ እግርን ለመቆረጥ የሚያደርሰው ለዓመታት ከደም ሳይወጣ የቆየ ስኳር ነው። ነርቮችን ያደነዝዛል፣ የደም ሥሮችን ያጠብባል፤ ከዚያ በኋላ ያልታወቀ ትንሽ ቁስል ይመረቅዛል። ጡንቻ ውስጥ የገባው ስኳር ግን ወይ ወዲያው ተቃጥሎ ጉልበት ይሆናል፣ ወይም ግላይኮጅን የሚባል ስንቅ ሆኖ ለሚቀጥለው ሥራ ይቀመጣል። እዚያ ተጠራቅሞ ሥጋ አያበላሽም። ጎረቤትዎ የነገሩን አቅጣጫ ገልብጠውታል።

ከ186 ወደ 121 የወረደው እንዲህ ነው። በጡንቻ ህዋስ ውስጥ ግሉት 4 የሚባሉ ስኳር አስገቢ ፕሮቲኖች አሉ፤ ሥራ ሲፈቱ ወደ ውስጥ ገብተው ይቀመጣሉ። ከተመገብን በኋላ ወደ ህዋሱ ገጽ እንዲወጡ የሚጠራቸው ኢንሱሊን ነው። በእርስዎ በሽታ ግን ህዋሱ የኢንሱሊንን ጥሪ በደንብ አይሰማም። ደስ የሚለው፣ ጡንቻው ራሱ ሲኮማተር በውስጡ የሚለቀቀው ካልሲየምና የጉልበቱ መመናመን እነዚያኑ ፕሮቲኖች ያለ ኢንሱሊን ትእዛዝ ያስወጧቸዋል። ይህ ሁለተኛው መንገድ በስኳር በሽተኞችም ላይ ደህና ይሠራል። ከጉዞው በኋላም ጡንቻው የጎደለውን ግላይኮጅን ሲተካ፣ ለአንድ ቀን፣ አንዳንዴም ለሁለት ቀን፣ ኢንሱሊንን ከወትሮው የተሻለ ይሰማል። ስለዚህ ነው በተከታታይ ከሁለት ቀን በላይ ሳይራመዱ እንዳይቆዩ የምንመክረው።

አሁን ወደዚያ ሻይ እንመለስ፤ ደብዳቤዎን ሳነብ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። በሰዓቱ ስላልለኩ እርግጠኛ መሆን ባይቻልም፣ የነገሩኝ ሁሉ የሚያመለክተው የስኳር መጠን ማነስን ነው። ግሊቤንክላማይድ ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚገፋው ምግብ ይኑር አይኑር ሳያይ ነው፤ ጉልበቱም ቀኑን ሙሉ ይቆያል። እርስዎ ሳይበሉ ዋጡት፣ ለሰዓታት ቆሙ፣ ከዚያ በእግርዎ ተመለሱ። የቤተ ክርስቲያን መንገድ የእግር ጉዞ አይደለም ያለዎት ማን ነው? ጡንቻዎ መቼ የጉዞ ቀን እንደሆነ አያውቅም።

«ስኳር በሽተኛ ነኝና ስኳር አይቀመስም» የሚለው አባባል ሰው ይገድላል። በሚያልብዎት፣ በሚያንቀጠቅጥዎት፣ ልብዎ በሚመታበት፣ ድንገት በሚርብዎት ወይም አንደበትዎ በሚተሳሰርበት ሰዓት መድኃኒቱ ስኳር ነው። መለኪያ በእጅዎ ካለና ከ70 በታች ካሳየ፣ መለኪያ ከሌለም ሳይጠብቁ፣ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ግማሽ ብርጭቆ ስኳር ያለው ለስላሳም ይሆናል። በ15 ደቂቃ ካልተሻለዎት ይድገሙት። ሲሻልዎት ምግብ ይብሉ፤ አለበለዚያ ተመልሶ ይወርዳል። ምልክቱ በዚህ መድኃኒት የመጣ ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ተሻለኝ ብለው ሲተኙ ሌሊት ሊደገም ይችላል። ቤተሰብዎም ይወቁት፦ ራሱን በሳተ ሰው አፍ ውስጥ ሻይም፣ ማርም፣ ጸበልም አይፈስም፤ ወደ ሳንባ ገብቶ ያንቃል። በጎኑ አስተኝቶ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ነው። ሰክሯል ወይም መንፈስ ይዞታል እየተባለ ሰዓት የሚጠፋበት ሰው ብዙ ነው፤ በየጊዜው እናያለን፣ በየጊዜው እንናደዳለን። የደም ግፊት መድኃኒት፣ በተለይ ፕሮፕራኖሎል ወይም አቴኖሎል ከጀመሩ ደግሞ መንቀጥቀጡ ሊደበቅ ይችላል፤ ላቡን ግን ይጠብቁት።

ሌሎች ላብና መንቀጥቀጥ የሚያመጡ ሕመሞችን አልዘረዝርም፤ ታሪክዎ ወደ እነሱ አይመራም። እየተራመዱ ደረትዎን ከጨመቀዎት ግን ጉዞውን አቁመው ወዲያው ይታዩ።

ኪኒኑን በራስዎ ስሌት ግማሽ ማድረግዎን ግን በለዘብታ አላልፈውም። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከመጠን በታች የማውረድ ልማድ የለውም፤ እሱን መቀነስዎ ከምንም አላዳነዎትም። ምናልባት መቀነስ ወይም መለወጥ የሚገባው ግሊቤንክላማይዱ ነው፤ ያንን የሚወስነው ግን የሚከታተልዎ ሐኪም ነው። ሦስት ሳምንት ዝም ብለው ይህን በደብዳቤ መጠየቅዎም አልገባኝም። ነገ ይሂዱ፤ ቀንና ሰዓት የጻፉበትን የመለኪያ ውጤት ይዘው ይሂዱ።

እስከዚያው ግሊቤንክላማይዱን ባዶ ሆድ አይዋጡት፤ የማይበሉበት ሰዓት ላይ ከሆነ እስኪበሉ ይቆይ። ስለ ጾሙ ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ፤ ሕመምተኛን ሲያስታምሙ የመጀመሪያቸው አይደሉም። ጉዞዎን ከምግብ በኋላ ያድርጉት፣ ኪስዎ ውስጥ ከረሜላ ይኑር። ጫማዎ የማይጠብ፣ ካልሲዎ ንጹሕ ይሁን፤ ማታ ማታም የእግርዎን መዳፍና የጣቶችዎን መሃል ይዩ። ለዓይንዎ ካልተመቸዎት ልጅ ወይም ባለቤት ይይልዎት። ቁስል ካገኙ ቅጠል ሳይለጥፉ፣ «ይድናል» ሳይሉ በዚያው ቀን ለጤና ባለሙያ ያሳዩት።