ከማሳ ወደ ጆርናል መሄድ ከሙያ መውጣት ነው?

ጥያቄሽን በአጭሩ ላስታውስ፦ በእፅዋት ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪሽን ይዘሽ አንድ ዓመት ሙሉ አራት ኪሎ ጋዜጣ እየተከራየሽ የሥራ ማስታወቂያ ስታነቢ ከረምሽ። አሁን በኢንተርኔት የሚታተም አንድ የግብርና ምርምር ጆርናል የአርታኢ ረዳት ይፈልጋል፤ ጓደኞችሽ ግን «ይህን ሁሉ ተምረሽ ጸሐፊ ልትሆኚ?» አሉሽ።

እህቴ፣ አመልክቺ። ሥራው ፋይል መጫን ብቻ የሚመስለው ከውጭ ለሚያየው ነው። ጽሑፍ ሲመጣ ለገምጋሚዎች የምትልኪው፣ ሲዘገዩ የምትወተውቻቸው፣ ደራሲው ለአስተያየታቸው በትክክል መመለሱን የምታዪው አንቺ ነሽ። ሠንጠረዡ ስንዴ በሄክታር 40 ኩንታል ሰጠ ብሎ ትንታኔው ላይ 40 ቶን ቢል፣ ኮምፒውተር ብቻ የሚያውቅ ሰው ሊያልፈው ይችላል፤ ማሳ ላይ የቆመች ግን ወዲያው ትነቃበታለች።

ከሁሉ በላይ ልብ እንድትዪው የምፈልገው ጽሑፉ ተፈልጎ የሚገኝበትን መረጃ ነው። ጤፍን በላቲን ፊደል አንዱ በአንድ «ኤፍ»፣ ሌላው በሁለት ይጽፈዋል፤ ቁልፍ ቃላቱ ውስጥ ሁለቱም ካልገቡ ጽሑፉ ከብዙ ፈላጊ ሊሰወር ይችላል። የስማችን ነገርም አለ። የውጭው አሠራር የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስዳል። ተመራማሪያችን አንዴ በአባቱ፣ አንዴ በአያቱ ስም ሲመዘገብ አንዱ ሰው ሁለት ይሆናል፤ ሥራውም ይበተናል። ኦርኪድ (ORCID) የተባለው ባለ 16 አኃዝ የተመራማሪ መለያ ቁጥር የመጣው ለዚህ ዓይነቱ ችግር ነውና ደራሲዎች እንዲያወጡ ጎትጉቻቸው። ሦስት ክረምት የተደከመበት ሙከራ በእንዲህ ያለ ቸልታ ተደብቆ ሲቀር በጣም ያሳዝነኛል።

ብዙ ጆርናሎች የሚሠሩበት ኦፕን ጆርናል ሲስተምስ የተባለው ሶፍትዌር ነፃ ነው፤ ላፕቶፕሽ ላይ ጭነሽ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብለሽ ተለማመጂ። የኢትዮጵያ የግብርና ሳይንስ ጆርናልንም አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ላይ ገብተሽ አንብቢ።

አንድ ነገር ግን አጣሪ። ቃለ መጠይቁ ላይ ግምገማው ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ ጠይቂያቸው። «ለከፈለ በሦስት ቀን እናትማለን» ካሉሽ ቦርሳሽን ይዘሽ ውጪ።

ከማመልከቻሽ ጋር የመመረቂያ ጽሑፍሽን አኅጽሮት በ200 ቃላት አሳጥረሽ አያይዢ። ከመላክሽ በፊት ብታሳዪኝ ደስ ብሎኝ አየዋለሁ።