ያነበባችሁትን ለሰው አውሩት

ልጆቼ፣ አንብቡ የሚላችሁ ሰው ሞልቷል። እኔ ያን አልደግምባችሁም። ዕድሜዬን የገፋሁት በአርታኢነት ነው፤ የሰው ጽሑፍ ማንበብ፣ ከዚያ ከጸሐፊው ጋር ቁጭ ብሎ ስለ ጽሑፉ ማውራት ሥራዬ ነበር። ስለዚህ የምነግራችሁ ከንባብ በኋላ ስላለው ነገር ነው። ያነበባችሁትን ከሰው ጋር አውሩት። ስታወሩ ደግሞ ከፍርድ አትጀምሩ፤ ከገጹ ጀምሩ።

አንድ መጽሐፍ ጨርሶ በዚያው ምሽት ሌላ የሚጀምር፣ በዓመቱ መጨረሻ ያነበበውን በቁጥር የሚናገር ወጣት ብዙ አውቃለሁ። ትጋቱ ደስ ይለኛል። ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ስለ አንዱ መጽሐፍ ስትጠይቁት «አሪፍ ነበር» ይላል። ምኑ ነው አሪፉ? «በቃ፣ አጻጻፉ፣ ታሪኩ፣ ሁሉም።» ልጁ አልዋሸም፣ በደንብ አንብቧል። አንድ ቀን እንኳ በራሱ ቃል ለሰው ስላልተናገረው ነው ከእጁ የወጣው።

ይህን ተመራማሪዎችም ፈትነውታል። በ2006 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አጫጭር ጽሑፎች አስነበቡ። ከዚያ አንዳንዱን ጽሑፍ ደግመው እንዲያነቡ፣ አንዳንዱን ደግሞ ሳያዩ ያስታወሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡትን ይበልጥ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ሳያዩ የጻፉት ነው ይበልጥ አብሯቸው የቆየው። ለጓደኛችሁ «ስማ፣ ትናንት የጨረስኩት መጽሐፍ ላይ...» ብላችሁ ስትጀምሩ የምታደርጉት ይህንኑ ነው፣ ያውም ፈተና ሳይመስላችሁ።

ለእኔ ግን ማስታወሱ ትንሹ ጥቅም ነው። ትልቁ ሌላ ነው።

እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ባርትሌት በ1932 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ ለአንባቢዎች የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦችን አንድ ተረት ሰጥቶ እየቆዩ በቃላቸው እንዲደግሙት አደረገ። ተረቱ ለእንግሊዛውያኑ እንግዳ ነበር። ሲደግሙት ግን እንግዳነቱ እየቀነሰ ሄደ። ታንኳው ተራ ጀልባ ሆነ፣ አቆስጣ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ማደን ዓሣ ማጥመድ ሆነ፣ ትርጉም ያልሰጣቸው ነገር እየተዘለለ ቀረ። ማንም ሆን ብሎ አልቀየረም። እያንዳንዱ ያነበበውን በሚያውቀው ዓለም ልክ ሳያውቀው አስተካከለው።

እኛም እንዲሁ ነን። አንድ ልብ ወለድ አንብባችሁ አባትየው ጨካኝ ነው ብላችሁ ስትወስኑ፣ ከውሳኔው ውስጥ ምን ያህሉ ከገጹ እንደመጣ፣ ምን ያህሉ ከራሳችሁ ሕይወት እንደገባ ብቻችሁን ሆናችሁ ማወቅ አትችሉም። ሌላ አንባቢ ያስፈልጋችኋል። «ኧረ እኔ አሳዘነኝ እንጂ» የሚላችሁ። በዚህ ጊዜ ወጣቶች ወዲያው ክርክር ውስጥ ይገባሉ፣ ማን ያሸንፋል ይሆናል። እባካችሁ እንደዚያ አታድርጉ። «የቱ ጋ ነው ያሳዘነህ?» በሉት። መጽሐፉን ይክፈትና ያሳያችሁ። እናንተ የዘለላችሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ሊኖር ይችላል፤ ወይም እሱ ከራሱ የጨመረው ነገር። ሁለቱም ቢሆን የሚገኘው ገጹ ሲከፈት ብቻ ነው፣ ከሁለት አስተያየት ግጭት የሚገኝ ነገር የለም።

ይህን ከሥራዬ ነው የማውቀው። ለጸሐፊ «አልወደድኩትም» ማለት ምንም አይጠቅመውም፣ «ግሩም ነው» ማለትም እንዲሁ። «እዚህ ጋ ማን እየተናገረ እንደሆነ ጠፋኝ»፣ «ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ምክንያቱም ልጁ ለምን ዝም እንዳለ አልገባኝም» ስትሉት ግን ወሬው ይጀምራል። ከጓደኛ ጋርም ያው ነው። «ተመችቶኛል» ብሎ ማቆም ደስ ይላል፣ ግን ለሌላው ሰው መግቢያ በር አይተውም። የት እንደቆማችሁ፣ የት እንደተናደዳችሁ፣ የት እንደሰለቻችሁ ንገሩት። ሰለቸኝ ማለት ነውር አይደለም። የት ላይ እንደሰለቻችሁ ማወቅ ራሱ ጥሩ አንባቢነት ነው።

አንድ ነገር ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። «ደራሲው ማለት የፈለገው...» የምትለውን አባባል ተጠንቀቁባት። የሌላውን አፍ ትዘጋለች። ከደራሲያን ጋር ስቀመጥ ኖሬ ያየሁት፣ አንባቢ ያገኘባቸውን ነገር ሰምተው ራሳቸው የሚገረሙ መሆናቸውን ነው። ደግሞም የተራኪው ሐሳብ የደራሲው ሐሳብ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ክፉ ገጸ ባሕሪ የፈጠረ ሁሉ ክፋትን አልደገፈም። ስለዚህ «እኔ እንዲህ አነበብኩት» በሉ። ይህ ትሕትና ለማሳየት አይደለም፣ እውነቱ ስለሆነ ነው።

መጽሐፉን ላላነበበ ሰው መንገርስ? እሱ ከሁሉ ይከብዳል፣ ለዚያም ነው በጣም የምወደው። ያነበበ ሰው ግማሹን ነገር ይሞላላችኋል። ያላነበበው ግን «ቆይ፣ ለምን ወደ ቤቷ ተመለሰች?» ይላችኋል። መልሱ በደንብ የገባችሁ መስሏችሁ ነበር፣ አፋችሁን ስትከፍቱ ግን የለም። ያኔ ተመልሳችሁ ምዕራፉን ታያላችሁ። መጨረሻውን ግን አትንገሩበት፣ አደራ።

ሌላው፣ መጽሐፉን እንደጨረሳችሁ ሰው ምን አለ ብላችሁ ስልካችሁን ከመክፈታችሁ በፊት፣ የተሰማችሁን ሁለት ሦስት መስመር ጻፉ። ሰዎች ለመጽሐፉ የሰጡትን የኮከብ ብዛትና አድናቆት አንዴ ካያችሁ በኋላ የራሳችሁን ስሜት መልሶ ማግኘት ቀላል አይደለም። ብዙዎች «ሁሉም ሰው ወዶታል፣ ችግሩ የእኔ ነው» ብለው ዝም ይላሉ፤ ያ ዝምታ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ጥሩው ጥያቄ ያለው እነሱ ጋ ነው።

በቡድን የምታወሩ ከሆነ አራት አምስት ሰው ይበቃል። ብዙ የሚናገረው መጨረሻ ላይ ይናገር፣ ዝምተኛው ይጀምር። ታላላቆቻችሁ ባሉበት ከሆነ በአክብሮት፣ ግን ገጹን ከፍታችሁ «እኔ ግን እዚህ ጋ እንዲህ ይላል ብዬ ነው» በሉ። እኛ ሽማግሌዎቹ ይህን ብንሰማ ደስ ይለናል።

ያቋረጣችሁትን መጽሐፍም አውሩት። ያልጨረስኩትን በምን አንደበቴ አትበሉ። የትኛው ገጽ ላይ እንደተዋችሁትና ምን እንደደበራችሁ ተናገሩ፣ ያነበበው ሰው ከዚያ ቀጥሎ ምን እንዳለ ይንገራችሁ። እኔ እንዲህ ተነግሮኝ ተመልሼ የጨረስኳቸው መጻሕፍት አሉ፤ ተነግሮኝም መተዌ ትክክል እንደነበር ያረጋገጥኩባቸው አሉ።