የሳንባ ሽፋን ካንሰር፦ ዛሬ ማታ ጠይቁኝ

ደብረ ብርሃን ላብራቶሪ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ መድኃኒት አላዝም። ሜሶቴሊዮማ የሚሉት የሳንባ ሽፋን ካንሰር በጊዜ እንዴት እንደሚለይ ጠይቁኝ።

ከደብረ ሲና፦ አባቴ 68 ዓመታቸው ነው። በቀኝ ጎናቸው ውሃ ቋጥሮ ተቀዳላቸው። ውጤቱ «የካንሰር ሴል አልተገኘም» ይላል። እፎይ እንበል?

መልስ፦ ገና ነው። ውሃው ላብራቶሪ ሲመጣ በማሽን ይሽከረከራል፤ የዘቀጠው ስላይድ ላይ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ይሄ ካንሰር ግን ውሃው ውስጥ ብዙ ሴል ላይጥል ይችላል። የጣለውም በሕመም የተቆጣ ጤነኛ ሴል ይመስላል፤ ስንቴ ዓይኔን አሽቼ አይቻለሁ! «አልተገኘም» ከ«የለም» ይለያል። ውሃው ተመልሶ ከሞላ ሲቲ ስካን ይነሡ፤ ከሽፋኑም ቁራጭ ይወሰድ። ጥሩው መንገድ በጎን ካሜራ አስገብቶ እያዩ መውሰድ ነው። ደግሞ አባትህ የት ነበር የሠሩት? ይሄን የሚጠይቅ የለም! ይሄን ካንሰር በብዛት የሚያመጣው አስቤስቶስ የሚባል ቃጫ መሰል ማዕድን ብናኝ ነው፤ እሱን የተነፈሰ ሰው ብዙ ጊዜ የሚታመመው ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ ነው። ቦይለር፣ የድሮ ፍሬን ሸራ፣ የድሮ የሲሚንቶ ቱቦ፤ ሁሉንም ለሐኪሙ ንገሩት።

ከሸዋ ሮቢት፦ ጎኔን ይወጋኛል። ምን ይሆን?

መልስ፦ ዕድሜህ? ከመቼ ጀምሮ? ትኩሳት አለህ? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም። ጤና ጣቢያ ሂድ።

ከመንዝ፦ እናቴ የነቀርሳ መድኃኒት ጀመሩ። ካንሰር ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ይሄ ቃል ስንቱን አስለቀሰ! የሳንባ ነቀርሳ ቲቢ ነው። እኛ አገር ውሃ ሲቋጠር ቀድሞ የሚጠረጠረውም እሱ ነው። መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ። እየወሰዱ ውሃው ከተመለሰ ግን ቁራጭ ይወሰድ።

ሌላ አባል፦ የቤቴ ቆርቆሮስ አስቤስቶስ ነው?

ሌላ አባል፦ ቆርቆሮ ብረት ነው ወንድሜ! አስቤስቶስ ያለበት ያ የድሮው ግራጫ፣ ወፍራሙ ክዳን ነው።

ሌላ አባል፦ እሱን ለመቀየር የቆርቆሮ ዋጋ ጠይቀሃል?

መልስ፦ የዋጋውን ሌላ ቦታ አውሩ። ግራጫው ካልተሰበረ አትነካኩት። በመጋዝ መቁረጥና ደረቁን መጥረግ ነው ጣጣው።

ጥያቄ፦ ሲጋራስ?

መልስ፦ ይሄን የሽፋኑን ካንሰር አያመጣም። የራሱን የሳንባውን ካንሰር ግን ያመጣል። አቁም።

ጥያቄ፦ ታማሚያችንን ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ልንወስዳቸው ነበር።

መልስ፦ ውሰዷቸው። መድኃኒታቸውን ይዘው ይሂዱ።

ጥያቄ፦ የአጎቴም ውሃ ተቀድቶ ምንም የለም ተባለ። ድኗል?

መልስ፦ የደብረ ሲናውን መልስ አንብብ እንጂ! የት ሠርቷል?

ጥያቄ፦ ጋራዥ። 30 ዓመት፣ ፍሬን ሲሠራ።

መልስ፦ ይሄን መጀመሪያ አትልም? ነገ ጠዋት ይዘኸው ሂድ፤ ለሐኪሙ ይሄንኑ ንገረው።