ቡድኔን ላገልግል ብዬ የሁሉንም ሥራ ተሸከምኩ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የስምንት ሰው ቡድን መሪ ሆኜ ከተሾምኩ ጥቂት ወራት ሆነኝ። የቀድሞ አለቆቼ ቁጡና ጯኺ ስለነበሩ እኔ እንደነሱ አልሆንም ብዬ ነው የጀመርኩት። መሪ አገልጋይ ነው ብዬ ስለማምን ማንም እርዱኝ ሲል እምቢ አልልም። አሁን ግን ሁሉም ወደ ቤቱ ሲሄድ እኔ ቢሮ ቀርቼ የነሱን ሪፖርት አስተካክላለሁ። አንዱ ልጅ ደግሞ ሥራ ያዘገያል፣ እንዳይከፋው ብዬ ዝም አልኩት። የበላይ አለቃዬ «ፊት ሰጠሻቸው፣ ጠንከር በይ» ይለኛል። አገልጋይ መሪነት በዛሬ መሥሪያ ቤት አያዋጣም ማለት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ያዋጣል። ግን አንቺ አሁን የያዝሽው የነሱን ሥራ መሥራት ነው፣ እሱ ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

የአገልጋይ መሪነትን ሐሳብ በዘመናዊው የሥራ ዓለም ያስተዋወቀው ሮበርት ግሪንሊፍ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ኤቲ ኤንድ ቲ በተባለው ግዙፍ የስልክ ኩባንያ ለብዙ ዓመታት ሠርቶ በ1964 እ.ኤ.አ. ጡረታ የወጣ ሰው ስለሆነ የቢሮን ጣጣ አሳምሮ ያውቀዋል። በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ለመሪ ያስቀመጠው መለኪያ ይሄ ነው፦ የምታገለግያቸው ሰዎች እያደጉ ነው ወይ? የበለጠ አስተዋይ፣ ነፃ፣ ራሳቸውን የቻሉ እየሆኑ ነው ወይ? ልብ በይ፣ «ተመችቷቸዋል ወይ» አላለም።

እስቲ አንዱን ሪፖርት እንይ። ከቡድንሽ አንዱ የሠራው የኤክሴል ሠንጠረዥ ድምሩ አልገጥም ይላል። አንቺ አምሽተሽ ቀመሩን ታርሚያለሽ፣ ጠዋት ለበላይ ይላካል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። እሱ ግን የቱ ጋ እንደተሳሳተ እንኳን አያውቅም። በሚቀጥለው ወር ያንኑ ስህተት ይዞ ቢመጣ አይፈረድበትም፣ ማን ነገረው?

ስለዚህ ከአሁን በኋላ ሰው ላፕቶፑን ታቅፎ ጠረጴዛሽ ጋ ቆሞ «ይሄን አንቺ ብታዪው ይሻላል» ሲልሽ አትቀበይው። «እስካሁን ምን ሞከርክ? አንተ ብትሆን የቱን ትመርጣለህ?» በዪውና ዝም በይ። ዝምታው ይከብዳል፣ ግን ቻይው። ካቃተው አብረሽው ተቀመጪ፣ ኪቦርዱ ግን እሱ እጅ ይሁን።

ያንቺ እርዳታ በእውነት የሚያስፈልገው እነሱ አቅማቸው የማይደርስበት ቦታ ነው። ሌላ ክፍል ውስጥ ፊርማ አጥቶ የተኛ ወረቀት፣ ቀኑን ሙሉ የሚበላ ስብሰባ፣ ከላይ የሚመጣ እርስ በርሱ የሚጋጭ ትእዛዝ። እዚያ ላይ ሂጂና ተከራከሪላቸው።

አሁን ወደሚያዘገየው ልጅ ልምጣ፣ ምክንያቱም እኔን በጣም ያሳሰበኝ እሱ ነው። ዝም ስትይው የሌሎቹን ሰባት ድካም እየናቅሽ ነው፣ እነሱም ያዩታል። ለብቻችሁ ሁኑና በግልጽ ንገሪው፦ «ሐሙስ መድረስ የነበረበት ሰኞ ደረሰ፣ ሌሎቹ አንተን ሲጠብቁ ሥራቸው ቆመ። ምን ገጥሞህ ነው?» ከዚያ ሳታቋርጪ ስሚው። ቤት ውስጥ በሽተኛ ሊኖርበት ይችላል፣ ሥራውን በደንብ አላወቀው ይሆናል፣ ወይ ደግሞ ዝም ብሎ ቸልተኛ ነው። ለመጀመሪያው ጊዜ ስጪው፣ ለሁለተኛው አሠልጥኚው፣ ለሦስተኛው ቁርጥ ያለ ቀን አስቀምጪለትና ካልተሻሻለ በመሥሪያ ቤቱ ደንብ ሂጂ። በደንብ መሄድ ጭካኔ አይደለም።

አለቃሽም ግማሽ እውነት አለው። ሥራው ላይ ጠንክሪ፣ ሰውን ግን አታስፈራሪ። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ኤሚ ኤድመንድሰን የሆስፒታል ቡድኖችን ስታጠና በደንብ የሚመሩት ቡድኖች ብዙ ስህተት ሲያስመዘግቡ አገኘች። ነገሩ ሲጣራ እነሱ ስህተታቸውን ሳይደብቁ ይናገሩ ስለነበር ነው። የሚፈራ ሠራተኛ ስህተቱን ይደብቃል፣ የተደበቀ ስህተት ደግሞ መጨረሻ ላይ ደንበኛው ጋ ነው የሚፈነዳው።

አንድ ነገር ብቻ፣ በድንገት አትለወጪባቸው፣ ተቆጣች ይላሉ። ቡድኑን ሰብስበሽ ከአሁን በኋላ እንዴት እንደምትሠሩና ለምን እንደሆነ አስረጂ። ለአለቃሽም መጀመሪያ ላይ አንዳንድ ሪፖርት ሊዘገይ እንደሚችል ቀድመሽ ንገሪው፣ እስከ መቼ እንደሚስተካከልም ቀኑን ቁረጪለት።